እማዬን ይዤ ለ30 ቀን መርከብ ልሳፈር ነው፤ ወደቦቹ ላይ ምን እናድርግ?

የባሶዋ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ካልጋሪ የሚኖረው ወንድሜ ለእማዬና ለእኔ የመርከብ ጉዞ ቆርጦልናል። ክሩዝ የሚሉት፣ ሰው የሚዝናናበት ትልቁ መርከብ ነው። እሱ ባርሴሎና ላይ ይቀበለንና አብረን እንሳፈራለን። ከዚያ ማላጋ፣ ላስ ፓልማስ፣ ሚንዴሎ፣ ዋልቪስ ቤይ፣ ኬፕ ታውን፣ ደርባን፣ ዛንዚባር እያለ ሞምባሳ ያወርደናል። 30 ቀን ነው። የሚነሳው ኅዳር ላይ ነው።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን ግን በሥርዓት ትወስዳለች። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ለሰርግ ስንወርድ እንኳ ሙቀቱን አልቻለችውም። መኪናም ያስመልሳታል። እንዲህም ሆኖ ከሰማች ጀምሮ ደስታው እንቅልፍ ነስቷታል። ጎረቤት ሁሉ አውቋል።

ጭንቀቴ ብዙ ነው። መርከቡ በየወደቡ የሚቆመው 8 ወይም 9 ሰዓት ብቻ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሁሉንም እንይ ባይ ነው። የጉብኝት ዝርዝር ልኮልኝ ሳነበው ራሱ ደከመኝ። እማዬን በዚያ ሁሉ ላሯሩጣት? የምንጓዘው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ቪዛውስ? ደግሞ ለምንድን ነው በቀይ ባሕር አቋርጦ የማይመጣው? ሞምባሳ ለመድረስ አፍሪካን መዞር ምን የሚሉት ነው? የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

ትኬት ቆራጩ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ሌላውን ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የወረቀቱን ልንገርሽ፤ ሥራዬ ነው።

ማላጋም ላስ ፓልማስም ስፔን ስለሆኑ አንድ የሸንገን ቪዛ ይበቃችኋል። ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ። መርከብ በብልሽት ወይም በአየር ጠባይ መንገዱን ሊቀይር ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ለእኛ ፓስፖርት አስቀድሞ የተመታ ቪዛ ትፈልጋለች። እሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። ኬንያ ቪዛ አትጠይቀንም። የቀሩትን ከየኤምባሲው አረጋግጡ። «እኔ ከመርከቡ አልወርድም፣ ምን አስጨነቀኝ» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። አይሆንም። የአንዱ አገር ቪዛ ከጎደለ ባርሴሎና ላይ ከነሻንጣችሁ ሊመልሷችሁ ይችላሉ።

ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይኑረው። ቢጫ ካርድም እንዳትረሱ። ከእኛ አገር የመጣን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ይጠይቁታል። ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። እናትሽ ከ60 በላይ ናቸው። ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያያቸው አይሁን፤ ይኼን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የሹፌሩ ልጅ (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። በዚሁ መንገድ አባባን ይዤ ሄጃለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ፊያት፣ ከነተሳቢው። ከአዲስ አበባ ተነስተው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር ዋሻ፣ በኮምቦልቻና በሚሌ አድርገው አሰብ ይገቡ ነበር። እኛ ልጆች ደብረ ሲና ላይ ቆመን ጡሩምባቸውን ከሩቅ እንለየው ነበር። 1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ወገባቸውን ታመሙና መሪውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም። ስለ ባሕር ሳያወሩ የዋሉበትን ቀን ግን አላስታውስም። አሰብ ላይ ጭነት እስኪደርሳቸው ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሲተኙ የሚሰሙትን የውኃ ድምፅ ሁሌ ይነግሩናል።

ስለዚህ እኔ እሳቸውን ይዤ የሄድኩት ለከተሞቹ ብዬ አይደለም። ለወደቦቹ ነው። ምክሬም ከዚያው ይመነጫል። አንድ ወደብ ላይ አንድ ነገር ብቻ እዩ።

ሒሳቡን ተመልከቺው። መርከቡ 8 ሰዓት ይቆማል ተባለ። ወረፋ ጠብቆ፣ ካርድ አስነብቦ፣ ከግቢው እስኪወጣ አንድ ሰዓት ይሄዳል። መርከቡ ከመነሳቱ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ መመለስ ግዴታ ነው። የቀረሽ ስድስት ሰዓት ነው። የ63 ዓመት ሰው እግር ደግሞ ከአራት ሰዓት በላይ አያስደስተውም፤ ከዚያ በኋላ መከራ ነው። ወንድምሽ ከላከው ዝርዝር ላይ ለየወደቡ አንድ አንድ መርጠሽ ሌላውን ሰርዢ። ማላጋ ላይ እኛ ቡና ጠጥተን ብቻ ተመለስን። አልቆጨንም።

ላስ ፓልማስን ግን በደንብ ልንገርሽ፤ ጉዳያችን እዚያ ነው ሊበላሽ የነበረው።

ላስ ካንቴራስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከመርከቡ በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። አባባ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውን አጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉና ውኃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዘገኑና ቀመሱት። «ያው ነው» አሉኝ። የአሰቡ ጨው ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ስልኬን አየሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ይላል። መመለሻችን 11 ሰዓት ተኩል ነው። ገና ብዙ አለን ብዬ ዘና አልኩ። በዚህ መሃል ከእኛው መርከብ የወረዱ ባልና ሚስት በጥድፊያ ሲያልፉ ሴትየዋ አየችኝ። ቆመችና የእጅ ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ አደረገችልኝ። ላስ ፓልማስ ያለችባቸው የካናሪ ደሴቶች ሰዓት ከዋናው ስፔን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልኬ በራሱ ወደ ደሴቱ ሰዓት ተቀይሯል። መርከቡ ግን በስፔን ሰዓት ነው የሚሠራው። ለእነሱ 11 ከሩብ ሆኗል! አባባን በባዶ እግራቸው ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው። ወደቡ ስንደርስ ሁለት ሠራተኞች መውጫው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ ገባንና መሰላሉ ተነሳ።

ይህ ነገር የዚያን ቀን ጠዋት በበራችን ሥር ባስገቡት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። «ዛሬ የመርከቡ ሰዓት አይቀየርም» ይላል። እኔ አላነበብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብንቀር ኖሮ በራሳችን ገንዘብ ቲኬት ገዝተን እስከ ቀጣዩ ወደብ መርከቡን ማሳደድ ነበረብን። አባባ የግፊት መድኃኒታቸውን ካቢን ውስጥ ትተው ነው የወጡት። ይኼን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። አደራ፣ የእናትሽ የሁለት ቀን መድኃኒት ሁልጊዜ በምትወርዱበት ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የፓስፖርታችሁ ኮፒም። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃል። በራስሽ ከወጣሽ አይጠብቅም። ሩቅ ቦታ ከሆነ የእነሱን ግዢ፤ ቅርብ ከሆነ በእግራችሁ ሂዱ።

ሚንዴሎ ትንሽ ናት። ኬፕ ቬርዴ ውስጥ ሳኦ ቪሴንቴ በምትባል ደሴት ላይ ናት። ወደቡ ፖርቶ ግራንዴ ይባላል። ተራራ ከቦት ውኃው ጸጥ ያለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መርከቦች ከሰል የሚሞሉት እዚያ ነበር። አባባ ይህን ሲሰሙ «ሚሌ በያት» አሉ፤ ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ሹፌር የሚያርፍበት ቦታ ማለታቸው ነው። በባዶ እግሯ ትዘፍን የነበረችው ሴዛሪያ ኤቮራ የተወለደችው እዚህች ከተማ ነው። እኛ የዓሣ ገበያው ውስጥ ገባን። ሴቶቹ ዓሣውን እያገላበጡ ሲጣሩ ደብረ ሲና ሰኞ ገበያ የቆምኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ውኃ ብቻ ነው። ሰው ይፈራዋል። ለአባባ ከጉዞው ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመርከቡ ኋላ ይቀመጡና ነጩን የውኃ መንገድ ያያሉ። ጋቢ ያዙ! መርከቡ ውስጥ ማቀዝቀዣው የደብረ ብርሃንን ጥቅምት ያስንቃል።

ዋልቪስ ቤይ ስንደርስ ምንም አይታይም። ጭጋግ ነው። ከደቡብ የሚመጣው የቤንጉዌላ ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ከበረሃው ዳር ጭጋግ ይፈጥራል። አባባ መስኮቱን ከፍተው «ጣርማበር!» አሉ። ረፋዱ ላይ ሲገለጥ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል የናሚብ አሸዋ። ሐይቅ መሰሉ ውኃ ላይ እንደ አብያታ ያሉ ፍላሚንጎዎች ቆመዋል። እማማን እዚያ ውሰጃቸው፤ ሩቅ አይደለም፣ ሜዳ ነው፣ አያደክምም።

ኬፕ ታውን ላይ ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ተራራን ይላል። ያምራል፤ ከፍታው ግን 1,086 ሜትር ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ለሚኖር ሰው ተራራ ለማየት ያን ያህል ወረፋ አያስፈልግም እላለሁ። እኛ ሮበን ደሴት ሄድን። ማንዴላ ከታሠሩበት 27 ዓመት ውስጥ 18ቱን ያሳለፉት እዚያ ነው። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ትኬቱን አስቀድማችሁ ግዙ። ነፋስ ከበረታ ጀልባው ይቀራል፤ ያኔ ወደቡ ዙሪያ መቀመጥ ይበቃል። አስጎብኚያችን ራሱ እዚያ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። አባባ በእኔ አስተርጓሚነት «ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እኛ አገር መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል» አሉት። ሰውየው ያውቃል። እጃቸውን ይዞ ብዙ ቆየ።

ደርባን ዝናብ ነበር፤ አልወረድንም።

ሞምባሳ ስንደርስ ፎርት ጂሰስን አየን። ፖርቱጋሎች በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ምሽግ ነው። አባባ ግን ግንቡን ጨርሰው አላዩትም። ዓይናቸው ከወደቡ ኮንቴይነር ጭነው የሚወጡት ተሳቢዎች ላይ ነው። አንዱን ሹፌር ሰላም አሉት። ቋንቋ የለም። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና ቆመው ተሳሳቁ። አውሮፕላን ጣቢያ የሄድነው ከዚያ ነው።

የመርሐቤቴው ባሕረኛ (ዓለም ከተማ)

ሰላም እህቴ። ባሕር ዳር ሠልጥኜ ዕቃ መርከብ ላይ ነው የምሠራው። የሹፌሩ ልጅ ጥሩ አድርጋ ነግራሻለች፤ የባሕሩን እኔ ልጨምር።

በቀይ ባሕር የማይመጣው ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መርከቦች እዚያ ስለተመቱ ነው። ብዙ ድርጅቶች ስዌዝን ትተው በአፍሪካ ደቡብ መዞር ጀመሩ። ቀን ይጨምራል፤ ግን ደኅና ነው።

ለማስመለሱ፦ ካቢናችሁ ከታች በኩልና መርከቡ ወገብ ላይ ይሁን። መወዛወዝ የሚቀንሰው እዚያ ነው። ወንድምሽ ገና ካልመረጠ አሁኑኑ ይቀይረው። ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ማየት ይረዳል። ስልክ ማየት ያብሳል። ሆድ ባዶ አይሁን። ዝንጅብል ጥሩ ነው። መድኃኒት ከሆነ ከግፊቱ ጋር መስማማቱን ሐኪም ጠይቁ፤ የሚወሰደውም ሕመሙ ሳይጀምር ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ስንቱ ሰው ፌስታል ይዞ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ባሕር እንደዚያ አይደለም፤ ብዙ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለምደዋል።

የሚከብደው ከኬፕ ታውን በኋላ ነው። የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ አጉላስ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚወርደው ሞቃት ሞገድ ከደቡብ ምዕራብ ከሚመጣው ማዕበል ጋር እዚያ ፊት ለፊት ይገጥማል። ያን ሁለት ቀን እማማ ደረጃ ላይ እጀታ ሳይዙ አይሂዱ።

የአደጋ ልምምድ አለ፤ አትዝለሉት። እ.ኤ.አ. ጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣልያን ዳርቻ ላይ ስትሰጥም 32 ሰው ሞተ። የዚያን ዕለት ከተሳፈሩት ውስጥ ልምምዱን ገና ያላደረጉ ብዙ ነበሩ። ምልክቱ ሰባት አጭር ጡሩምባና አንድ ረጅም ነው። ለእማማ በአፍሽ እያሰማሽ አስጠኛቸው። ስልካችሁን ደግሞ መርከቡ እንደተነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። የባሕር ላይ ኔትወርክ ሳታውቁት ገንዘብ ይበላል።

የባሶዋ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። አባባ ውኃውን የቀመሱበት ጋ ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ካቢኑን ወንድሜ ዛሬ ወደ አምስተኛ ፎቅ አስቀየረው፤ መሃል ላይ ነው።

ሦስት ነገር ቀረኝ። ጉዞው ጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ እማዬ ደግሞ ጾም አትገድፍም። ሁለተኛ፣ ጀበናና ዕጣን ልያዝ ትላለች፤ ለወንድሜ ጓደኞችም የደብረ ብርሃን አረቄ። ሦስተኛ ሰዓቱ ነው። እማዬ የምታውቀው የእኛን አቆጣጠር ብቻ ነው። ከመርከቡ ጋር እንዴት ላስማማት?

የሹፌሩ ልጅ (ደብረ ሲና)

ጾሙ አያስቸግርም። ወንድምሽ ከአሁኑ ለድርጅቱ ይጻፍላቸው። «ጾም» ካልሻቸው አይገባቸውም። ቬጋን በያቸው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም ማለት ነው። በመጀመሪያው ማታ የምግብ ቤቱን ኃላፊ በአካል አግኝታችሁ ድገሙት። እኛ አንድ ሕንዳዊ ምግብ አብሳይ ገጠመን። ምስር በቃሪያ እየሠራ በየቀኑ ለአባባ ይልክላቸው ነበር። በሶና ቆሎ ብትይዢ አሽገሽ ያዢ፤ ካቢን ውስጥ ብሉት። ወደብ ላይ ይዘሽ አትውረጂ፤ ብዙ አገር ላይ ክልክል ነው።

ዕጣን፣ ሻማ፣ ምድጃ፣ እሳት ያለው ነገር ሁሉ አይፈቀድም። መርከብ ላይ እሳት ከምንም በላይ ይፈራል። ጀበናዋን ለማየት ያህል ትያዝ። አረቄውን ሲገባ ይወስዱትና በመጨረሻው ቀን ይመልሱላችኋል፤ እንዳትደነግጡ።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጊ። ለአንቺ አንድ ርካሽ የእጅ ሰዓት ግዢ፤ ስልክ አይደለም። በመርከቡ ሰዓት ሙይው። ማታ ማታ ወረቀቱ «ሰዓት ይቀየራል» ካለ ብቻ አስተካክይ። የእማማን ሰዓት አትንኪባቸው።

አባባ የራሳቸውን አልቀይርም ብለው ነበር። 30ውን ቀን በደብረ ሲና ሰዓት ነው የዞሩት። ላስ ፓልማስ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ የእሳቸው ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል ይል ነበር። ዛንዚባር ስንደርስ ከወደቡ ወጥተን ስቶን ታውን ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ የባሪያ ገበያው የነበረበትን ቦታ አየን፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። አባባ ቆባቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ቅርንፉድ በጆንያ ይሸጣሉ። አባባ አጠገባቸው ተቀመጡና አንጓቸውን እያሳዩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቋቸው። ሽማግሌው «ሳ ኔ» አሉና አራት ጣት ዘረጉ። ስልኬ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ይላል። ስዋሂሊም እንደ እኛ ቀንን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው።

አባባ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው አዩት። አባባ ወደ እኔ ዞረው «ገጠመ» አሉኝ። ግማሽ ኪሎ ቅርንፉድ ገዝተን ወደ መርከቡ ተመለስን።